የመሪጌታ ምላስ ለምን ነጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሞጣ ገበያ ገብቼ በሰላም ሽንኩርት መግዛት አልቻልኩም። ሻጯ ሚዛኑን ትታ አፏን ትከፍትልኛለች። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ መስታወቱን ወደ እኔ ያዞርና ምላሱን አውጥቶ «ሲስተር፣ ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?» ይለኛል። እኔ ምላሱን ሳይ፣ እሱ እኔን ሲያይ፣ መንገዱን ማን እንደሚያይልን እግዜር ይወቀው። በቀደም ለታ ለቅሶ ቤት አንዲት የማውቃት ሴትዮ እንባዋን ጠርጋ፣ ጉንጯን በጣቷ ገልብጣ አሳየችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁላትና «ነክሰሽው ነው» አልኳት። አመስግናኝ ለቅሶዋን ቀጠለች።

አልፈርድባቸውም። ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ነው። ለአንዱ ልብ ይደርሰዋል፣ ለሌላው አጥንት ይደርሰዋል፤ ለእኔ የደረሰኝ አፍ፣ ከአፍም ደግሞ ፈንገስ ነው። በተሸኘሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና ንግግር አድርጊ አሉኝ። ተነስቼ ሳያቸው ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። እኔ ንግግሩን ረስቼ ከፊት የተቀመጠውን የፋርማሲውን ልጅ ድድ ሳጠና፣ ጭብጨባው እዚያው ላይ አለቀ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ ቢቸና አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ስለ ደመወዙ ባላነሳ ይሻላል። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ የማላውቀው በሽታ በዓለም ላይ የቀረ ሳይመስለኝ፣ ነጭ ጫማዬን አጥቤ ደረስኩ። የተመላላሽ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ጌጡ የሚባሉ ነባር ጤና ረዳት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ገበሬ ገባ። አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ምላሱ ነጭ ሆኖ አየሁት። አላስጨረስኩትም። ፈንገስ መሆኑን፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ለጋሽ ጌጡ በሙሉ ድምፄ አብራራሁላቸው። እሳቸው ሰምተውኝ ሲያበቁ ጣታቸው ላይ ፋሻ ጠቅልለው የሰውየውን ምላስ ጠረግ አደረጉት። ንጹህ ሮዝ ምላስ ወጣ። «መንገድ ላይ በሶ በልተሃል?» አሉት። በልቷል። የመጣው ደግሞ ጉልበቱን አሞት ነበር።

ጋሽ ጌጡ ያን ቀን አልተቆጡኝም፤ ትከሻቸው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አላረፈም። ማታ ላይ ጠርተው ፋሻውን አስጨበጡኝና ሙያውን አስተማሩኝ። ጠረግ ሲደረግ ወዲያው የሚጠፋ፣ ሥሩም ደህና የሆነ ነጭ ነገር ምግብ ወይም ወተት ነው። እንደ አይብ እየተፈረፈረ ሲለቅ ሥሩ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ደም አዝሎ የሚገኘው ፈንገስ ነው። ተጠርጎ አልለቅ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሳያመነቱ ወደ ሐኪም መላክ ነው። ፈንገስ ሁልጊዜ ነጭ ነው ብለሽ እንዳትሞኚ ብለውም አስጠነቀቁኝ፤ ቀይ ሆኖ ላንቃ ላይ የሚነጠፍ አለ፣ የከንፈርን ጥግና ጥግ ሰንጥቆ የሚቀመጥም አለ። ይህን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ግማሹን ሥራ ሠርተሻል አሉኝ። ሌላው ግማሽ፣ ፈንገሱ እዚህ ሰው አፍ ውስጥ ምን አግኝቶ ገባ የሚለው ነው። ጤነኛ አፍ እንዲሁ አያስገባውም።

አመል ነበራቸው። በሽተኛውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያስቀምጡና ራሳቸው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ከታች ወደ ላይ ያዩታል። «አፍህን ክፈት» ለማለት አይቸኩሉም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ልጁ ያስወሩታል። ሰውየው የልጁን ነገር ሲያወራ እሳቸው ምላሱ ስትወጣና ስትገባ ያያሉ። የብረት መመርመሪያውን እጃቸው ውስጥ ይዘው ካላሞቁት አፍ ውስጥ አያስገቡትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ቃል አያምኑም ነበር። ሰው ይዋሻል ብለው አይደለም። ሰው የሚያደርገውን ነገር ራሱ አያውቀውም ባይ ናቸው። «ሠርተህ አሳየኝ» ይላሉ።

በዚያን ጊዜ ለሕፃናት አፍ የምንሰጠው ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ነበር። የነካውን ሁሉ ያቀልማል። አንዲት እናት ልጇ አልድን ብሎ ተመልሳ መጣች፤ እንደታዘዝኩት እየቀባሁ ነው ብላ ማለች። ጋሽ ጌጡ ሠርተሽ አሳዪኝ አሏት። ጥጧን ነከረችና የልጁን ጉንጭ በውጭ በኩል፣ ጆሮው ድረስ፣ በሚገባ ቀባችው። ልጁ ወይን ጠጅ ሆኖ ሳቀ። ሌላዋ ደግሞ በትክክል ቀብታለች፤ ጡቷንም ቀቢ ተብላ ስለነበር እሱንም ቀብታለች። ልጁ ዳነ። በሳምንቱ ግን ባሏ ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ቀለሙን የሚያስለቅቅ ነገር ካለ ብሎ መጣ። ልጁን ስሜ ነው አለ። ጋሽ ጌጡ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ልጅ መሳም ደግ ነገር መሆኑን ነግረው ሳሙና ሰጡት። አብራው የመጣችው ሚስትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሁሉም ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናኑ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቢቸና ገበያ ዳር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትውል፣ ወጣት፣ ሳቂታ። ምግብ ስውጥ ያመኛል ብላ መጣች። ከምላሷ እስከ ጉሮሮዋ ነጭ ለብሷል፤ በወጣት ላይ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤች አይ ቪ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ ወረዳዎች መዳረስ የጀመረበት ጊዜ ነው፤ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። ነገር ግን መስኮታችን ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ። እኛ አገር ሐኪም ቤት ብቻውን የሚመጣ የለም። አስታማሚውም፣ ወረፋ ጠባቂውም፣ ለወሬ የመጣውም አብሮን አፍ ያያል፤ አስተያየትም ይሰጣል።

ጋሽ ጌጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደሟን እንድትመረመር መከሯት። እሺ አለች። የምርመራው ክፍል ከግቢው ማዶ ነበር፤ ከእኛ በር ወጥቶ ወደዚያ የሚያቀናን ሰው አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሕዝብ ለምን እንደሚሄድ ያውቃል። እናኑ ግማሹን መንገድ ሄደች። አግዳሚው ላይ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዞራ በትልቁ በር ወጣች። ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። የስፌት መኪናዋን አስጭና ሉማሜ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። ሰው ደጋግመን ላክንባት፤ አልመጣችም። ክረምቱ ሳይወጣ መሞቷን ሰማን። በሽታውን አውቀነው ነበር፣ ምክሩም ትክክል ነበር፣ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ነበር። ልጅቷ ግን ግቢ ማቋረጥ አቅቷት ሞተች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሽ ጌጡ መርዶውን በሰሙ ማግስት ከቤታቸው የአልጋ ልብስ አምጥተው የመስኮቱን ታችኛውን ግማሽ ሸፈኑት። ብርሃን ከላይ ይገባል፤ የሰው ዓይን አይገባም። ቀጥለው ሚዛኑን ተሸክመው ከግቢው ማዶ፣ ምርመራው ክፍል ውስጥ አኖሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉልበቱን ያመመውም፣ ጣቱ የተሰበረውም፣ ክትባት የመጣውም ሁሉ ለመመዘን እዚያው ክፍል ይገባል። ማን ለምን እንደገባ መለየት ቀረ። አንድ የወረዳ ሹም ጥርሱን ሊያስነቅል መጥቶ፣ ለጥርስ ኪሎ ምን ያደርጋል ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ጌጡም ጥርሱ ሲወጣ ስንት እንደሚቀንሱ ለማወቅ ነው ብለው መለሱለት። ሹሙ አሰበበትና ሄዶ ተመዘነ።

ሞጣ የመጣሁት ትዳር ይዤ ነው። እዚህ ሐኪም ቤት አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፤ ሌላው ስብሰባ መብዛቱን የሚነቅፍ ስብሰባ ይጠራል። እኔ በሬን ዘግቼ፣ መስኮቴን በግማሽ ሸፍኜ አፍ አያለሁ። ጂቪው ቀርቶ አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ የፈንገስ ጠብታ መጣ፣ ከተማው ወይን ጠጅ መሆኑን ተወ። መሪጌታ ጥበቡ እስኪመጡ ድረስ ሙያዬን የጨረስኩት መስሎኝ ነበር።

መሪጌታ ጥበቡ የዜማና የቅኔ መምህር ናቸው፣ ጎረቤቴም ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ልጃቸውን ትርንጎን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ትርንጎ አስተማሪ ሆነች፤ ቢቸና ለሥራ በሄደች ጊዜም ከአንድ መሐንዲስ ጋር ተዋደደች። ልጁም ልጅ ነው። አባቱ አቶ ባይህ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ተላከ፣ መሪጌታ እሺ አሉ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ታሰበ። ትርንጎ በደስታ ብዛት በመንገድ ስትሄድ ሰው ሰላም ማለት ትረሳ ጀመር።

መሪጌታ ወደ እኔ የመጡት በፍልሰታ ነው። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ምላሳቸው ነጭ ለብሷል። በፋሻ ጠረግኩት፤ ተፈርፍሮ ለቀቀ፣ ሥሩም ቀላ። ጠብታውን ሰጠሁና ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ እንደሚወሰድ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ ቀን ብለው ቆጥረው፣ ሁሉንም ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ ጨረሱት። ጾሙ ሲፈታ ምላሳቸው ጸዳ። በመድኃኒቴ ኮራሁ።

በጾመ ነቢያት ተመልሶ መጣ። አሁን ግን ብቻውን አልመጣም፤ ወሬውን አስከትሎ ነው። የዜማ መምህር አፉን ሳይከፍት አይውልም፤ ደቀ መዛሙርቱ አዩ፣ ምእመናኑ አዩ። ነጭ ምላስ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስለዋል። መሪጌታ ከተቀመጡበት አግዳሚ ሰው ዘወር ማለት ጀመረ። ሁሉንም ምርመራ አደረግንላቸው፤ ስኳሩንም፣ ያኛውንም። ውጤቱን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለምን እንደማልነግራችሁ ኋላ ላይ ይገባችኋል። ጠብታውን ደገምን። ገና ሲደርስ ምላሳቸው ጸዳ።

በሁዳዴ መሐል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከእሳቸው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ወሬው ቢቸና ደርሶ ነበር። አቶ ባይህ የሠርጉን ቀን ከመቁረጥ በፊት መጥተው እንደሚያነጋግሯቸው ልከዋል። ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ቤቴ ጎራ ትልና የአባቴ ነገር እንዴት ነው ትለኛለች፤ ለመስማት ፈርታ ግን መልሱን ሳልሰጣት ትወጣለች። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በነቢያት የመጣው በገና መጥፋቱን፣ በፍልሰታ የመጣው በፍልሰታ ፍቺ መጥፋቱን አመላልሳለሁ። የትኛው የደም በሽታ ነው ጾም የሚጾመው?

ቢቸና ደውዬ ለጋሽ ጌጡ ነገርኳቸው። አርጅተዋል፣ ጆሮአቸውም ደክሟል፤ ነገሩን ግን ጨርሰው ሰሙ። ምን ምን እንደሚወስዱ ጠይቄያቸው ምንም አልወስድም እንዳሉኝ ስነግራቸው፣ «ጠየቅሻቸው እንጂ መቼ አየሻቸው?» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ መሪጌታን አስቀመጥኳቸውና፣ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ድረስ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ተገርመው ተነሱ። ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ፊታቸውን እንደመታጠብ አሉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ የአስም ፓፍ አውጥተው፣ ደጁን ገላመጥ አድርገው ሳብ አደረጉና መልሰው ከተቱት። መቋሚያቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ያዝኳቸው።

«መሪጌታ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄማ ነፋስ ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ መድኃኒት ነው።»

መድኃኒት ማለት በእሳቸው ዘንድ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ነው። ፓፉን ደብረ ማርቆስ ያለ ሐኪም ካዘዘላቸው ቆይቷል፤ ትንፋሽ ያጠረው የዜማ መምህር እንዳይባሉ ከተማሪዎቻቸው ደብቀው ይወስዱታል። ሐኪሙ በወሰዱት ቁጥር አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ ብሏቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ፓፍ ርዝራዡ አፍ ውስጥ ከቀረ ፈንገስ ይጋብዛል። ይጉመጠመጣሉ ወይ አልኳቸው። በፍስክ ቀን አዘውትረው ይጉመጠመጣሉ። በጾም ግን ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንዴት አፋቸው ይገባል?

እንደ እብድ ሳቅሁ። እሳቸው ቅር አላቸው። ውኃው ለመትፋት እንጂ ለመዋጥ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡና ነፋስ ለምን ጾም እንደማይሽር፣ ውኃ ግን አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉም ጠብታ እንደሚወጣ ማንም ዋስ ሊሆን እንደማይችል አስረዱኝ። ያለ ጥርጥር ረቱኝ። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ወደ ሐኪሙ ደወልኩ። እሱም ስቆ፣ በጾም ወራት የጠዋቱን ፓፍ ከቅዳሴ በኋላ ከምግብ በፊት፣ የማታውን ከመኝታ በፊት እንዲያደርጉት ሰዓቱን አሸጋሸገላቸው። ከሁለቱም በኋላ ውኃ ይፈቀዳል። በሳምንት ውስጥ ነጩ መሳሳት ጀመረ።

ምላሱ ዳነ፤ ወሬው ግን አልዳነም። አቶ ባይህ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው በቀጠሯቸው መጡ። እኔም ለጎረቤት ወግ ተጠርቼ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ማዕድ ቀረበ፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ። አቶ ባይህ ገና ስድሳን ያልዘለቁ፣ ደንደን ያሉ፣ ጥርሳቸው እንደ ወጣት የተደረደረ ሰው ናቸው። ስልጆውን ቀመስ አድርገው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ የሱፍ ፍትፍቱን ብቻ፣ ብዙም ሳያኝኩ፣ እየዋጡ በሉ። ከንፈራቸውን ሲጠርጉ ሁለቱም የአፋቸው ጥጎች ተሰንጥቀው አየሁ። ሥራዬ ነው፣ ሳላየው አላልፍም፤ ግን የዚያን ሰዓት ጉዳይ የእሳቸው አፍ አልነበረም።

እጅ ከታጠብን በኋላ አቶ ባይህ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ በክፉ አይያዙብኝ። አገር የሚያወራውን እርስዎም ሰምተዋል። ተመርምረዋል ይባላል። ሲስተርም እዚሁ አለች። እርስዎ ይፍቀዱላትና ትንገረን፤ እንገላገል።»

ትርንጎ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሁሉም እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ በዚህም ሆነ በዚያ ያልቅ ነበር። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«አትናገርም» አሉ። «የለብኝም ብል ዛሬ እኔ እገላገላለሁ። ነገ ያለበት ሰው ልጁን ሲድር ምን ሊል ነው? ከማስተምራቸው መካከል መድኃኒቱን እየዋጠ የሚማር ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ካለ ግን መምህሩ በዚህ በር ሲያመልጥ አያይም። አለብኝም አልልም፤ የለብኝምም አልልም። ልጄን የፈለጋችሁ በእሷነቷ ፈልጓት።»

ከእናኑ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን የሚል ሰው ስጠብቅ እንደኖርኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ላለቅስ ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም። አቶ ባይህ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነስተዋል። እንግዲህ እኛም እንሂድ አሉ። ሽማግሌዎቹ ወለሉን እያዩ አብረው ተነሱ። ትርንጎ ማስታጠቢያውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አቶ ባይህ፣ ከመሄድዎ በፊት ለአንድ አፍታ ጓዳ ይምጡልኝ» አልኳቸው።

ምስጢሩን ልነግራቸው መስሏቸው ከእኔ ቀድመው ገቡ። በሩን ዘጋሁት። ከትንሿ መስኮት ፊት አቆምኳቸውና አፋቸውን እንዲከፍቱ ጠየቅኳቸው። የእኔን? አሉ። የእርስዎን አልኳቸው። ተደናግረው ከፈቱ። ጥርሳቸው ያምር ነበር፤ ከመጠን በላይ ያምር ነበር።

«ይውጣ» አልኩ፣ በቀስታ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ዞር ብለው የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥተው እጃቸው ላይ ያዙት። አዲስ አበባ ያሠሩት የአሁኗን ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺን ሊያገቡ ሲሉ ነው። ሚስታቸው እንዳታውቅ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ ሌትም ሆነ ቀን አውልቀውት አያውቁም። ላንቃቸው ልክ በጥርሱ ቅርጽ፣ በእርሳስ ተከብቦ የተቀባ ይመስል፣ ቀልቷል። ማቃጠል ከጀመረ መቆየቱን፣ ሐኪም ቤት ለመሄድም ጥርሱን ማውጣት ሊኖርባቸው ነው ብለው እየፈሩ እንደቀሩ ነገሩኝ።

«ምንድን ነው?»

«ፈንገስ ነው።»

ድምፃቸውን ከእኔም በታች ዝቅ አደረጉ። «የመሪጌታው ዓይነት?»

«ስለ መሪጌታ አልናገርም።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ እርስዎም አልናገርም።»

ጥርሳቸውን እያገላበጡ አዩት። ያለ ጥርሱ ጉንጫቸው ገባ ብሎ፣ አንድ የተከፋ ሽማግሌ መስለው ነበር። «ይሄን ነገር ሰው አይቶብኝ ቢሆን ምን ይለኝ ነበር?» አሉ።

«እርስዎ መሪጌታን ያሏቸውን» አልኳቸው።

ጥርሱን እንዲመልሱ ረዳኋቸው። በየማታው ማውጣት፣ በደንብ መቦረሽ፣ ውኃ ውስጥ ማሳደር እንዳለባቸው ነገርኳቸው፤ ነገ ሐኪም ቤት መጥተው ጠብታውን እንዲወስዱም ቀጠርኳቸው። ወጣን። ሽማግሌዎቹ ቆመው አቶ ባይህን ያያሉ። እሳቸው መሪጌታ ፊት ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ክፉ ስለተናገሩ ይቅርታ ጠየቁና ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«የጠየቅሁትን ትቼዋለሁ» አሉ። «የሠርጉን ቀን ቁረጡ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጓዳ ውስጥ ምን ነግራህ ነው አላቸው። ምንም አልነገረችኝም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ያመናቸው ግን የለም። ትርንጎ ማስታጠቢያውን አንስታ ወጣች፤ ከደጅ አንድ ነገር ወድቆ ሲንከባለል ሰማን፤ ማንም ሄዶ አላየም። መሪጌታ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሞጣ ላይ ሆነ። ይህን ሁሉ የምጽፈው አቶ ባይህ ራሳቸው ነገሩን ለሰው ሁሉ ስለሚያወሩት ነው፤ ካልተከለከሉ ጥርሳቸውን አውጥተው ያሳያሉ። መሪጌታም ጻፊው ብለውኛል፣ ስም ቀይሬላቸዋለሁ። የደም ውጤታቸውን ግን እሳቸው ካልተናገሩት እኔ አልናገረውም። በሠርጉ ዕለት ተነስተው ልጃቸውን ሲመርቁ ድምፃቸው ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ላይ የነበረውን ሰው አቆመ። ሁሉም ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ አፋቸውን አየሁ፤ ምላሳቸው ሮዝ ነበር።

የአቶ ባይህ ባለቤት ወይዘሮ የሺ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እንባዋን ጠርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ ባሏ ስለ ጥርሱ የነገራት ያን ዕለት ከሞጣ በተመለሰ ጊዜ እንደሆነ፣ እሷ ግን ከተጋቡበት ሳምንት ጀምሮ ታውቅ እንደነበር አጫወተችኝ። እንዳያፍር ብላ ዝም አለች እንጂ፣ እንዲያወጣው ብላ በየማታው ራስጌው ብርጭቆ ውኃ ታስቀምጥለት ነበር።

«ለጥርሱ ነበር እኮ» አለችኝ። «እሱ ግን ጠጥቶት ይተኛል።»